ተራ እስኪደርስ

አዲስ ቅዳም ስሟ እንደሚናገረው የቅዳሜ ከተማ ናት። ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አስፋልት ላይ ተቀምጣ፣ በአዊ ዞን የፋግታ ለኮማ ወረዳ ማዕከል ሆና፣ በገበያ ቀን ከየቀበሌው የሚወርደውን ሰው ትቀበላለች። ድንቹና ጤፉ፣ በጉና ፈረሱ ወደ ገበያው ሲያቀና በመንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ ይደረደራል። ወረዳዋ በዲከረንስ ግራሯ የታወቀች ናት። ገበሬው ችግኙን በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ያበቅለዋል፤ ዛፉ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ይቆርጠውና ያከስለዋል፣ አለዚያም በቁሙ ለነጋዴ ይሸጠዋል። ከሰሉ በአይሱዙ ተጭኖ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። በዚያው አስፋልት ላይ የሪፈር ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ የሚጓዝ ሕመምተኛም አለ። ከእነዚህ ሕመምተኞች መካከል ጥቂቶቹ የሚሄዱት በኩላሊታቸው ላይ ዕጢ በቅሎባቸው ነው።

የኩላሊት ካንሰር ዝምተኛ በሽታ ነው። ኩላሊት ከጀርባ በኩል ጠልቆ ስለሚገኝ ዕጢው ብዙ ቦታ እስኪይዝ ድረስ የሚነካው፣ የሚጫነው ነገር ትንሽ ነው። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት ሕመም የሌለው ደም ነው። ሽንት ቀልቶ ይወጣል፣ በማግሥቱ ይጠራል፣ ሰውየውም «ተወኝ» ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። ደሙ በተመለሰ ጊዜ ጤና ጣቢያ ቢሄድ ቀድሞ የሚጠረጠረው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም ጠጠር ነው። ጥርጣሬውም ስሕተት የለበትም፤ ደም ከሚሸኑ ሰዎች የሚበዙት ካንሰር የለባቸውም። በአልትራሳውንድ ዕጢው እስኪታይ፣ በሲቲ ስካን ስፋቱ እስኪለካ፣ ከዚያም የቀዶ ሐኪም ዘንድ ተራ እስኪያዝ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ስለ እነዚያ ወራት ነው። ባለፉት ሃያ ዓመታት በአውሮፓና በአሜሪካ የተደረጉ ሙከራዎች ከቀዶ በፊት ያለው ጊዜ በመድኃኒት ከተያዘ ራሱ የሕክምና አካል ሊሆን እንደሚችል ፍንጭ ሰጥተዋል። እኛ ዘንድ ያ ጊዜ አስቀድሞ አለ፤ ባዶውን ያልፋል እንጂ። ስለዚህ መድኃኒትን ከቀዶ የማስቀደም ጥያቄ ለሀብታም አገሮች ብቻ የሚተው አይደለም። በኢትዮጵያ፣ ከዚያም ውስጥ እንደ አዲስ ቅዳም ካሉ ከተሞች የሚመጡትን ቆጥሮ፣ መጠናት ያለበት ጥያቄ ነው።

መድኃኒቶቹ ለምን እንደተሠሩ ለመረዳት ከከሰሉ መጀመር ይቻላል። ከሰል አክሳይ የአየርን ነገር ከማንም በላይ ያውቃል። የተከመረውን እንጨት በቅጠልና በአፈር ይሸፍነዋል፤ ጭሱን እያየ ቀዳዳውን ይከፍታል፣ ይደፍናል። አየር ከበዛ እንጨቱ አመድ ይሆናል፣ ከጠፋ እሳቱ ይሞታል። የሰውነታችን ሴሎችም አየራቸውን የሚለኩበት መንገድ አላቸው። ኦክስጅን ሲያንሳቸው ሂፍ የሚባል ፕሮቲን በውስጣቸው ይከማችና «ደም አምጡ» የሚል ትእዛዝ ያስተላልፋል፤ ትእዛዙም ቪኢጂኤፍ በተባለ ፕሮቲን አማካይነት አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲበቅሉ ያደርጋል። ኦክስጅን በቂ ሲሆን ደግሞ ቪኤችኤል የተባለ ሌላ ፕሮቲን ሂፍን እየያዘ ያስወግደዋል። በአዋቂዎች ላይ በብዛት በሚታየው፣ ከአራት የኩላሊት ካንሰሮች ሦስቱን ያህል በሚይዘው ዓይነት፣ የቪኤችኤል ዘረመል አብዛኛውን ጊዜ ተበላሽቷል። ጠባቂው ስለሌለ ሴሉ አየር እያለው እንደታፈነ ይጮኻል፤ ጩኸቱን የሰማ ሰውነትም ለዕጢው ደም ሥር ይዘረጋለታል። ዘረመሉ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1993 ነበር። ሴሎች ኦክስጅንን እንዴት እንደሚለኩ የገለጡት ዊልያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሴሜንዛም እ.ኤ.አ. የ2019ን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

ዒላማ ተኮር የሚባሉት መድኃኒቶች የተሠሩት ይህን ጩኸት ለማፈን ነው። ሶራፌኒብ እ.ኤ.አ. በ2005 መጨረሻ፣ ሱኒቲኒብ በ2006 መጀመሪያ በአሜሪካ ተፈቀዱ፤ ፓዞፓኒብና አክሲቲኒብ ተከተሉ። ሁሉም በአፍ የሚዋጡ ናቸው። እንደ ኬሞቴራፒ የሚባዛውን ሴል ሁሉ አያጠቁም፤ የደም ሥር የማብቀሉን ትእዛዝ የሚቀበለውን ክፍል ይዘጋሉ። ዕጢው ሙሉ በሙሉ የሚጠፋበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ የሚጠወልግበትና እድገቱን የሚገታበት ግን ብዙ ነው።

ከእነርሱ በፊት የነበረው ሥርዓት ቀዶን አስቀድሞ መድኃኒትን ያስከትል ነበር። ካንሰሩ ወደ ሳንባ ወይም ወደ አጥንት ከተሰራጨ በኋላም ቢሆን ኩላሊቱን አውጥቶ መድኃኒት መጀመር የተሻለ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተሙ ሁለት ሙከራዎች አሳዩ። የአንድ ላይ ውጤታቸው ሲሰላ ቀዶ ተደርጎላቸው ኢንተርፌሮን የወሰዱት አማካይ ዕድሜ 13.6 ወር፣ ኢንተርፌሮን ብቻ የወሰዱት 7.8 ወር ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ ኢንተርፌሮን ደካማ መድኃኒት ነበር፤ ጓደኛው ደካማ ስለሆነ ቀዶው ብርቱ መስሎ ታይቶ ሊሆን ይችላል። አዲሶቹ መድኃኒቶች ሲመጡ ጥያቄው እንደገና መነሳት ነበረበት።

ያነሳው ካርሜና የተባለው ሙከራ ነው። በፈረንሳዊው የቀዶ ሐኪም አርኖ ሜዣን የተመራው ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2017 ድረስ ካንሰራቸው የተሰራጨ 450 ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት መደበ። ግማሾቹ ኩላሊታቸው ወጥቶ ሱኒቲኒብ ጀመሩ፤ ግማሾቹ ያለ ቀዶ ሱኒቲኒብ ብቻ ወሰዱ። ውጤቱ በ2018 ሲወጣ ለአንድ ትውልድ የጸናውን ልማድ አናጋው፤ ቀዶ የተደረገላቸው አማካይ ዕድሜ 13.9 ወር ሲሆን መድኃኒት ብቻ የወሰዱት 18.4 ወር ኖሩ። ለእኔ ከእነዚህ ቁጥሮች እኩል የሚከብደው ሌላ ቁጥር ነው። በቀዶው ቡድን ከተመደቡት 226 ሰዎች 40ዎቹ ሱኒቲኒብን አንድም ቀን አልወሰዱም። ቀዶውን አልቋቋሙትም፣ ወይም ከቁስላቸው ሳያገግሙ በሽታው ቀደማቸው፣ ወይም ሌላ ምክንያት ገጠማቸው። ይህ የሆነው መንገድ በማያስቸግርበት፣ ቀጠሮ በስልክ በሚታወስበት አገር ነው።

ሁለተኛው ሙከራ ሰርታይም ይባላል፤ የመራው አክሰል ቤክስ ነው። የዚህ ጥያቄ ስለ ቅደም ተከተል ብቻ ነበር። አንዱ ቡድን ወዲያው ቀዶ ተደርጎለት መድኃኒት ጀመረ፤ ሌላው ሦስት ዙር ሱኒቲኒብ ወስዶ፣ ማለት 18 ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ በሽታው ካልገፋ ቀዶ እንዲደረግለት ተወሰነ። ሙከራው 458 ሰዎችን ፈልጎ 99 ብቻ አግኝቶ ስለቆመ ማስረጃው የሳሳ ነው፤ ይህን መሸፈን ተገቢ አይደለም። አስቀድሞ ሊለካ የታሰበው፣ በሽታው ሳይገፋ የቆየላቸው ሰዎች ድርሻ፣ በሁለቱም ቡድን እኩል ሆነ። በዕድሜ ግን ተራራቁ፤ ወዲያው ቀዶ የተደረገላቸው አማካይ 15 ወር፣ የቆዩት 32.4 ወር ኖሩ። ከቆዩት 49 ሰዎች 48ቱ መድኃኒቱን አግኝተዋል፤ ቀዶ ከቀደመላቸው 50 ሰዎች ያገኙት 40 ናቸው። ከቆዩት ውስጥ ደግሞ 14ቱ መድኃኒት እየወሰዱ በሽታው ስለገፋባቸው ቀዶው እንዲቀር ተመከረ።

እነዚያን 14 ሰዎች እንደ ሽንፈት መቁጠር ቀላል ነው። እኔ የማነበው በሌላ መንገድ ነው። መድኃኒት ተሰጥቷቸው እንኳ ካንሰራቸው የገሰገሰባቸው ሰዎች በመጀመሪያው ሳምንት ሆዳቸው ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ፣ ከቀራቸው ትንሽ ጊዜ ላይ ብዙው በቁስል ሕመም ባለቀ ነበር። ቆይታው ማን ከቀዶ እንደሚጠቀምና ማን እንደማይጠቀም ለየ። ሐኪሞች ከሥዕልና ከላቦራቶሪ ሊያነቡት ያልቻሉትን የዕጢውን ጠባይ ጊዜና መድኃኒት ሆነው ገለጡት። ከዚህ ሁሉ የምወስደው ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፤ በመድኃኒት የተያዘ፣ በዓይን የተጠበቀ ቆይታ ምርመራ ነው።

ካንሰራቸው ገና ባልተሰራጨባቸው፣ ግን ዕጢያቸው በገዘፈባቸው ሰዎች ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ከዚህም ያነሱ ናቸው። በቴክሳስ ኤምዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል 24 ሕመምተኞች እስከ 12 ሳምንት አክሲቲኒብ ወስደው ቀዶ ተደረገላቸው፤ በ2014 በወጣው ውጤት የዕጢያቸው ስፋት በአማካይ 28 ከመቶ ቀንሷል፤ 11ዱ ላይ መጠኑ በግልጽ ወርዷል፣ 13ቱ ላይ ባለበት ቆሟል፣ በማንም ላይ አልገፋም። በብሪታንያ ናክሲቫ የተባለው ሙከራ ደግሞ፣ ካንሰራቸው የተሰራጨባቸውንም ጨምሮ፣ ዕጢው ከኩላሊት ወጥቶ ወደ ደም ሥር፣ በአብዛኞቹም ወደ ልብ በሚሄደው ትልቅ የደም ሥር ውስጥ፣ ለገባባቸው 20 ሰዎች ይህንኑ መድኃኒት ሰጠ። የደም ሥሩ ውስጥ የገባው ዕጢ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ቀዶው አደገኛ ይሆናል፤ ልብ አጠገብ ከደረሰ የደረት ቀዶ ሐኪምም ያስፈልጋል። ከ20ዎቹ በ7ቱ ዕጢው ወደ ታች ተመልሶ ደረጃው ዝቅ አለ። እንዲህ ያለ ለውጥ የሚጠቅመው የቀዶ ሐኪም በበዛበት አገር ብቻ አይመስለኝም፤ ከባዱ ቀዶ በሁለትና በሦስት ከተማ ብቻ በሚሠራበት አገር ቀዶውን አንድ ደረጃ የሚያቀል መድኃኒት የሚመዝነው የበለጠ ነው። ሆኖም መድኃኒቱ በመቅደሙ ብቻ ሰው ረዝሞ እንደሚኖር በትልቅ የዕጣ ሙከራ ገና አልተረጋገጠም። ያልተሰራጨ ካንሰር ባለባቸው ላይ ዕድሜ ማራዘሙ በትልቅ ሙከራ የታየው ከቀዶ በኋላ የሚሰጠው ፔምብሮሊዙማብ የተባለ መድኃኒት ነው። መድኃኒትን ማስቀደም ገና ሙከራ ነው፤ እኔም የምከራከረው ሙከራው ይደረግ ብዬ ነው።

ይህ ሐሳብ ለኢትዮጵያ እንግዳ የሚመስለው የልጆችን ሕክምና ለረሳ ሰው ነው። ሕፃናትን የሚይዘው የኩላሊት ካንሰር ሌላ ዓይነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1899 በዝርዝር በገለጸው ጀርመናዊ የቀዶ ሐኪም ስም የዊልምስ ዕጢ ይባላል። በብዛት የሚታየው ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ልጆች ነው። ብዙ ጊዜ ቀድማ የምታገኘው እናት ናት፤ ልጇን ስታጥብ ወይም ስታለብስ እጇ ሆዱ ላይ ጠጣር ነገር ያገኛል። ጣፊያ ነው፣ ትል ነው ይባላል። ልጁ ይጫወታል፣ ይበላል፤ ስለዚህ ማንም አይቸኩልም።

በዚህ ዕጢ ሕክምና ዓለም ለግማሽ ምዕተ ዓመት በሁለት መንገድ ሄዷል። አሜሪካውያን ቀዶን ያስቀድማሉ። አውሮፓውያን ከ1971 ጀምረው ባካሄዷቸው ተከታታይ ሙከራዎች መድኃኒት የማስቀደምን ስልት አጸኑ፤ ዕጢው ካልተሰራጨ ለአራት ሳምንት ቪንክሪስቲንና አክቲኖማይሲን፣ ከተሰራጨ ለስድስት ሳምንት ዶክሶሩቢሲን ተጨምሮ ይሰጣል። የሕፃኑ ዕጢ ውኃ እንደሞላ ፊኛ ስስ ነው፤ በቀዶ ጊዜ ከፈነዳ ካንሰሩ በሆድ ውስጥ ይረጫል። መድኃኒቱ ያጠነክረዋል፣ ያሳንሰዋል። በብሪታንያ 205 ልጆች በዕጣ ተመድበው ሁለቱ መንገዶች ሲወዳደሩ የዳኑት ቁጥር እኩል ሆነ፤ ነገር ግን መድኃኒት ከቀደመላቸው ውስጥ ዕጢያቸው በዝቅተኛ ደረጃ የተገኘው በለጡ፤ በዚህም ምክንያት ከአምስት ልጆች አንዱ ያህል ከጨረር ወይም ልብን ከሚጎዳው ዶክሶሩቢሲን ተረፈ። በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የልጆች ካንሰር ሕክምናም ከቀዶ በፊት መድኃኒት መስጠት የታወቀ አሠራር ነው። ስለዚህ «መድኃኒት ይቅደም» የሚለውን ሐሳብ የኢትዮጵያ ሐኪሞች ከልጆች አልጋ አጠገብ ያውቁታል፤ መልካም ጎኑንም፣ የሚሰበርበትንም ቦታ ያውቁታል።

የሚሰበረው በመድኃኒቱና በቀዶው መካከል ነው። ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ የልጁ ሆድ ይጎድላል፤ አባት እፎይ ይላል፤ አገር ቤት ያለው እርሻ ይጣራል፤ የአዲስ አበባ ማደሪያ ገንዘብ ያልቃል። ልጁ የዳነ በመሰለበት በዚያ ሰዓት ቤተሰቡ ተመልሶ ከሄደ ዕጢው እንደገና ያድጋል፤ በሁለተኛው ጊዜ ለመድኃኒቱ እንዲህ በቀላሉ አይታዘዝም። ከሰሃራ በታች ባሉ የተወሰኑ ሆስፒታሎች እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የተካሄደው የዊልምስ ዕጢ የአፍሪካ ትብብር ፕሮጀክት ይህን ክፍተት በቁጥር አሳይቷል። ፕሮጀክቱ አዲስ መድኃኒት አላመጣም። ለአካባቢው የተስማማ የሕክምና መመሪያ አወጣ፤ ለቤተሰቡም የመጓጓዣና የሕክምና ወጪ ድጋፍ ጨመረ። ሕክምና ጥለው የሚሄዱት ከ23 ወደ 12 ከመቶ ወረዱ፤ በሕክምና ላይ የሚሞቱት ከ21 ወደ 13፤ ሕክምናውን ጨርሰው ካንሰር የማይታይባቸው ልጆች ከ52 ወደ 68.5 ከመቶ ወጡ። በካንሰር ሕክምና ውስጥ ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣ እንክብል ቢገኝ ዜናው ዓለምን ባዳረሰ ነበር።

ታዲያ ለአዋቂው ሕመምተኛ ሱኒቲኒብን ወይም አክሲቲኒብን ከቀዶ በፊት እንሞክር ሲባል የሚነሳው የመጀመሪያ ተቃውሞ ዋጋ ነው። ተቃውሞው ብርቱ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያለው የአዊ ገበሬም ቢሆን ሆስፒታሉ ውስጥ የሌለን መድኃኒት ከኪሱ ነው የሚገዛው፤ ሕመም ሲጸና ከበሬው ቀጥሎ የሚታየው ያልደረሰው የግራር ማሳ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ይታሰቡ። ሱኒቲኒብ የፈጠራ ባለቤትነት መብቱ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 አልቆ ሌሎች ኩባንያዎችም የሚያመርቱት ሆኗል። ከዚህም በላይ ካንሰሩ ለተሰራጨበት ሰው ይህ መድኃኒት ማብቂያ የሌለው ወጪ ሲሆን፣ ከቀዶ በፊት የሚሰጥ ግን 12 ሳምንት ቆጥሮ የሚያበቃ ነው። ማብቂያ ያለውን ወጪ መንግሥትም፣ መድንም፣ ለጋሽም አስልቶ ሊሸከመው ይችላል። ሙከራ ከሆነ ደግሞ የመድኃኒቱ ወጪ የአስጠኚው ነው፤ ከሕመምተኛው አንድ ብር መጠየቅ የለበትም።

ዒላማ ተኮር እንክብልን በኢትዮጵያ ማዳረስ አይቻልም የሚለው ደግሞ በተግባር የተመለሰ ነው። ኢማቲኒብ፣ በንግድ ስሙ ግሊቬክ፣ ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር እ.ኤ.አ. በ2001 ሲፈቀድ ዋጋው ለአፍሪካ የማይታሰብ ነበር። አምራቹ ኖቫርቲስ ከማክስ ፋውንዴሽን ጋር በዘረጋው የነፃ አቅርቦት ፕሮግራም በጥቁር አንበሳ የሚታከሙ ኢትዮጵያውያን መድኃኒቱን ለዓመታት በነፃ ሲያገኙ ኖረዋል። እየተመላለሱ ደማቸውን አስመርምረው፣ እንክብላቸውን ይዘው ወደየክልላቸው ይመለሳሉ። ያን የሚያህል ሥርዓት ለዓመታት መኖሩ ለ12 ሳምንት የሚሆን ሥርዓት መዘርጋት እንደማያቅት ይነግረኛል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የቅድሚያ ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ ሴቶችን በብዛት የሚገድሉት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው፤ የኩላሊት ካንሰር በዓለም ላይ በዓመት ከ430 ሺህ በላይ ሰዎችን ቢይዝም እኛ ዘንድ ከፊት ረድፍ አይሰለፍም። እውነት ነው፣ አንድ ብር ብቻ ቢኖረን ለማኅፀን በር ቅድመ ምርመራ ይዋል እላለሁ። ግን ተራ የመጠበቅ ችግር የአንድ ካንሰር ችግር አይደለም። ጥቁር አንበሳ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና መስጫ ሆኖ በቆየባቸው ዘመናት ሊድኑ ይችሉ የነበሩ ሴቶች ወረፋ ላይ እያሉ ዕጢያቸው ከሚድንበት ደረጃ አልፏል። ቆይታን በመድኃኒት መያዝን፣ ሕመምተኛን በመንደሩ ሳለ መከታተልንና የቀዶ ቀንን መጠበቅን በአንድ በሽታ ላይ የተማረ ሥርዓት ለሌላውም ይጠቅማል። በኩላሊት ካንሰር መጀመሩ ደግሞ የሕመምተኛው ቁጥር ጥቂት በመሆኑ የሚያዝ ነው።

ከባዱ ተቃውሞ ከማስረጃው ውስጥ የሚነሳው ነው። ሀብታሞቹ አገሮች ሱኒቲኒብን ብቻውን መስጠት እየተዉ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብን፣ ወይም ፔምብሮሊዙማብን ከአክሲቲኒብ ጋር የመሳሰሉ የበሽታ መከላከያን የሚያነቁ ሕክምናዎች ሱኒቲኒብን በልጠዋል። ቀዶ ይቅር ወይስ ይቆይ የሚለውም በእነዚሁ መድኃኒቶች ዘመን እንደገና እንዲጠና ፕሮብ እና ኖርዲክ ሰን የተባሉ ሙከራዎች ተጀምረዋል። «ታዲያ ለአፍሪካ ያለፈበትን መሞከር ምን ይባላል?» ለሚል ሰው መልሴ ማወዳደሪያው ምንድን ነው የሚል ነው። ከፔምብሮሊዙማብ ጋር ከተወዳደረ ሱኒቲኒብ ያንሳል። የፋግታ ለኮማው ሕመምተኛ ግን ዛሬ ተራውን የሚጠብቀው ያለ ምንም መድኃኒት ነው። ለእርሱ የሚጠቅመው ጥያቄ፣ ሊደርስበት የሚችለው መድኃኒት ባዶውን ከመጠበቅ ይሻለዋል ወይ የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ፓሪስ ወይም ሂውስተን አይመልስለትም፤ እዚያ ለወራት ባዶውን የሚጠብቅ ሰው ጥቂት ስለሆነ።

መልሱ «አይሻለውም» ሊሆንም ይችላል። መድኃኒቶቹ የደም ግፊት ያስነሳሉ፣ ያስቀምጣሉ፣ ያደክማሉ፤ ቁስል እንዳይጠግግ ስለሚያደርጉም ቀዶው ከመድረሱ ቀደም ብሎ መቆም አለባቸው። መዳፍና የእግር ውስጥን እያሳመሙ ውኃ ያስቋጥራሉ። ለቢሮ ሠራተኛ ይህ ምቾት የሚነሳ ነገር ነው፤ ሞፈር ለሚጨብጥ፣ ከሰል ለሚዝቅ፣ በእግሩ ለሚሄድ ሰው ግን ሥራ መፍታት ነው። በውጭ የታተመ ጥናት «ቀላል» ብሎ የመዘገበው ጉዳት እዚህ ከባድ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ሙከራው እዚሁ እንዲደረግ ከሚያስገድዱኝ ምክንያቶች አንዱ ነው። በሌላ በኩል ግፊትን ለመለካት አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። ጤና ጣቢያ ይለካዋል፤ በየሳምንቱ በገበያ ቀን ጎራ የሚል ሕመምተኛ ግፊቱ ሲወጣ፣ መዳፉ ሲቆስል ሊታይ ይችላል። ሽንት ቤት ማስቆፈርና ክትባት ማዳረስ የቻለ የጤና ኤክስቴንሽን መዋቅር የ12 ሳምንት መዝገብ መያዝ አያቅተውም።

በድሆች ላይ ሙከራ መደረጉን የሚፈራ ሰው ሊናቅ አይገባም፤ ፍርሃቱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1996 በናይጄሪያ ካኖ ማጅራት ገትር በተነሳበት ወቅት ፋይዘር ትሮቫን የተባለውን መድኃኒት ለማነጻጸር 200 ልጆችን ያሳተፈ ሙከራ አካሂዶ፣ የወላጆች ፈቃድ በአግባቡ አልተጠየቀም በሚል ለዓመታት ተከስሷል፤ ጉዳዩም በ2009 ከካኖ ግዛት ጋር በካሣ ስምምነት ተዘግቷል። በእኛ አገር ሙከራ የሚጀመረው የብሔራዊው የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ከፈቀዱት በኋላ ነው። ይህ አስፈላጊ ነው፣ ግን በአዊ ውስጥ በቂ ነው አልልም። የፈቃድ ቅጹ በአማርኛ ተጽፎ አፉን በአውኚ ለፈታ ሰው ቢነበብለት ቃሉ ይሰማ ይሆናል፤ «መድኃኒቱ እንደሚጠቅምህ ገና አናውቅም፣ በየትኛው ቡድን እንደምትሆን ዕጣ ይወስናል፣ እምቢ ብትል ሕክምናህ አይጓደልም» የሚለው ሐሳብ ግን ልብ ላይ የሚደርሰው በራሱ ቋንቋ፣ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ፣ ለመጠየቅ ጊዜ ተሰጥቶት ነው። ዕጣን ሕዝቡ ያውቀዋል። በዕጣ መመደብን ከሐኪም አለማወቅ ጋር አያይዞ ማስረዳት ግን ጥበብ ይጠይቃል፤ ያንን ጥበብ የሚያውቅ አውኚ ተናጋሪ ነርስ ከአማካሪ ፕሮፌሰር እኩል ለሙከራው ያስፈልጋል።

በአማራ ክልል እንዲህ ያለ ነገር ሊደረግ እንደሚችል የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ምስክር ነው። ካላ አዛር ለተባለው በሽታ የተቋቋመው የምርምርና የሕክምና ማዕከሉ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ሠርቷል። ካላ አዛርንና ኤችአይቪን በአንድነት የተሸከሙ፣ አብዛኞቹም በቆላው እርሻ የሚሠሩ የቀን ሠራተኞች የሆኑ ሕመምተኞች በጎንደርና በአብደራፊ በተደረገ ሙከራ ተሳትፈዋል። አምቢሶም የተባለውን መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት ይልቅ ከሚልቴፎሲን ጋር አዋህደው የወሰዱት የተሻለ ውጤት አገኙ፤ ሕክምናው ተራዝሞ ሲለካ 88 ከመቶ ለ55 ከመቶ። የተሳተፉት ከ60 አይበልጡም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ያወጣው መመሪያ ለምሥራቅ አፍሪካ ይህንኑ ጥምር ሕክምና መከረ። ቋሚ አድራሻ የሌላቸውን ሰዎች ተከታትሎ መመሪያ የሚለውጥ መልስ ያመጣ ክልል፣ ማሳና ቤት ያለውን የአዊ ገበሬ ለ12 ሳምንት መከታተል አያቅተውም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት መንገድ እየዘጋ ቀጠሮ እንደሚያፈርስ ግን መካድ አይቻልም፤ ሙከራው መንገድ በተዘጋ ጊዜ መድኃኒቱ ለስንት ሳምንት በእጅ እንደሚቆይና ሕመምተኛው ለማን እንደሚደውል ከመጀመሪያው መወሰን አለበት።

እንዲህ ያለው ሙከራ ትልቅ መሆን የለበትም። ካንሰር ሕክምና ክፍል ያላቸው የባሕር ዳሩ ፈለገ ሕይወትና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች፣ የቀዶ ሐኪሞችና የካንሰር ሐኪሞች በአንድ መዝገብ ላይ ተስማምተው፣ ዕጢው የገዘፈባቸውንና ተራ የሚጠብቁትን ሕመምተኞች ይመዝግቡ። የአዲስ ቅዳም ሰው ወደ ባሕር ዳር ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ የትራንስፖርቱና የማደሪያው ገንዘብ ከመድኃኒቱ ጋር በአንድ በጀት ውስጥ ይያዝ፣ የአፍሪካው የልጆች ፕሮጀክት ያስተማረው ይህንን ነውና። ከሁሉ በፊት ደግሞ የመጀመሪያው እንክብል ሳይዋጥ የቀዶው ቀን ይቆረጥ። ቀን የሌለው ቀዶ ተስፋ እንጂ ቀጠሮ አይደለም፤ መድኃኒቱ ያሳነሰው ዕጢ ባልተቆረጠ ቀን ፊት ቆሞ አይጠብቅም። በመዝገቡ ላይም ከዕጢው ስፋት በፊት ሁለት ባዶ ቦታዎች ጎን ለጎን ይኑሩ፤ አንዱ ቀዶው የተቀጠረበት ቀን፣ ሌላው ቀዶው የተደረገበት ቀን።